ከሽሮ ሜዳ ወደ ቱሉ ዲምቱ፦ የእማዬን ጓሮ የማጋዝ ማስታወሻ

ሰኔ 8፣ 2017፣ እሑድ

ቤቱ ተሸጠ። አባዬ ካረፈ በኋላ እኛ ወራሾቹ ሁለት ዓመት ስንነታረክ ቆይተን በስንት ሽምግልና ተስማማን። ገዢው ግቢውን አፍርሶ ፎቅ ሊያቆምበት ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶናል። እማዬ እኔ ጋ ልትገባ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ቁም ሳጥኑ ይሸጥ ስንል ይሸጥ አለች፣ ብፌው ስንልም እሺ አለች። አንድ ቃል አልተከራከረችም። መጨረሻ ላይ ግን «አትክልቶቼስ?» አለች።

እኔ ቀላል ነገር ነበር የመሰለኝ። ጤና አዳም በየገበያው ሞልቷል፣ ጽጌረዳም መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ጋ በጥቁር ላስቲክ ይገኛል፣ አዲስ እገዛልሻለሁ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝና «ያንተን ፎቶ አውርጄ የሌላ ልጅ ፎቶ ብሰቅል ምን ትላለህ?» አለች። በቃ፣ ሥራው ያኔ ተጀመረ።

ዛሬ ያደረግኩት ደብተር ይዞ ጓሮውን መዞር ብቻ ነው። በግራ የተክሉን ስም፣ በቀኝ «የሰጠው» ብዬ አሰመርኩ። ጤና አዳም፣ አያቴ፤ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ፍሬውን በመሐረብ ቋጥረው ነው ያመጡት። አሁን ያለው ቁጥቋጦ እንግዲህ የዚያ ፍሬ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ኮሰረት፣ ወልቂጤ ያለችው አክስቴ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው እንሰትም የሷ ነው። ዳማከሴ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ። ጌሾ፣ የዕድራችን ዳኛ የነበሩት ጋሼ፤ ታላቅ እህቴ ስትዳር ለጠላው ጌሾ አንሶን ከግቢያቸው ቆርጠው ሰጡንና ክረምት ሲገባ ደግሞ ችግኙን ራሳቸው ይዘው መጡ። በኒዶ ጣሳ ያለው እሬት የታናሽ እህቴ ነው፣ ጅዳ ከመሄዷ በፊት ነው የተከለችው። ጠጅ ሳሩን ማን እንደሰጠን አይታወቅም፤ እማዬን ሦስት ጊዜ ጠይቄያት የሦስት ሰው ስም ነገረችኝ።

የአባዬ ጽጌረዳ ላይ ስንደርስ «የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ናቸው የሰጡን፣ ቤቱን የገባን ጊዜ» አለች። ከዚያ «እሷ ትቅር። አርጅታለች፣ አትነቀልም።» ይሄ ገረመኝ። የሞተውን ባሏን የምታስታውሳትን ተክል ትታ ማን እንደሰጣት ለማታውቀው ጠጅ ሳር ትጨነቃለች። ምንም አላልኩም፣ ጻፍኩት።

አሪቲውንና ሌሎቹን ጨምሮ በጠቅላላው 11 ተክል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ትልልቆቹን ነቅሎ ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት የማይሆን ነገር ነው፤ ሊፍት የለንም። ስለዚህ ከየተክሉ ግንጣይ ወስጄ አዲስ ላበቅል ወሰንኩ። ወቅቱ ጥሩ ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ አየሩ እርጥብ ነው፣ ሥር ያላወጣ እንጨት ቶሎ አይደርቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ይመረጣል። ከአንጓው ሥር በሰላ ቢላ ይቆረጣል፤ ሥሩ የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ስለሆነ በደነዘዘ መቀስ ተጨፍልቆ ከተቆረጠ ሥር ማውጣቱ ቀርቶ ይበሰብሳል። የታችኛው ቅጠል ይራገፋል፣ ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ይቀራል። ግማሹ አፈር ውስጥ ይሰካል። ከላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ይደፋበታል፣ እርጥበቱን ይዞ ያቆይለታል።

ለአፈሩ ችግኝ ጣቢያ ከሠራ ጓደኛዬ የሰማሁትን ተጠቀምኩ፤ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ኮሰረት 6፣ ዳማከሴ 4፣ ጤና አዳም 6 ሰካሁ። ጠጅ ሳሩ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ከነሥሩ መገንጠል ብቻ ነው።

እማዬ ቅዳሴ ላይ ስለነበረች ከጽጌረዳዋም 5 ቆርጬ ከጌሾው ጀርባ ደበቅኩ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ክንዴ ላይ ጉድ ወጣ። ቀይ ሰንበር፣ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል። ዘይት የፈነጠረብኝ ነው የሚመስለው። ለካ ጤና አዳም ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። እሑድ ጠዋት ደመና ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጣች፣ እኔ ደግሞ እጅጌዬን ሰብስቤ ስገነጥል ነው የዋልኩት። በቡናችን ላይ ጣል የምናደርጋት ያቺ ቅጠል እንዲህ ክፉ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም። የምትሞክሩ ካላችሁ ጓንት አድርጉ፣ ወይ ማታ ላይ ቁረጡ።

እማዬ አይታ ሳቀች። «አያትህ ድሮም በባዶ እጅ አታስነካም ነበር።» ቀድመሽ አትነግሪኝም እንዴ?

ሰኔ 29፣ እሑድ

ኪሳራ። ኮሰረቶቹ ስድስቱም ሞቱ። ከሥር ጀምሮ ጠቁረዋል፣ ነቅዬ በጣቴ ጫን ስለው ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፣ የረግረግ ሽታ አለው። ጥፋቱ የኔ ነው። አንደኛ ጣሳዎቹን በሚስማር አልበሳኋቸውም፣ ዝናቡ ገብቶ ቀረ። ሁለተኛ ያ አፈር ሥር ላለው ችግኝ እንጂ ገና ሥር ላላወጣ ግንጣይ አይሆንም፤ ፍጉ ያበሰብሰዋል። ለግንጣይ አሸዋ የበዛበት ደሃ አፈር ነው የሚሻለው። ጓደኛዬ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ በግማሽ ጆሮ የሰማሁት።

ዳማከሴ ከ4 ሁለት ተርፏል። ጤና አዳም ከ6 አራት። ጽጌረዳ ከ5 ሦስት አረንጓዴ ናቸው፣ ግን አረንጓዴ መሆን ማለት በቅሏል ማለት አይደለም፣ ገና ናቸው።

ኮሰረቱን እንደገና እቆርጣለሁ፣ እናቲቱ አለች።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

እናቲቱ የለችም።

ትናንት የገዢው ሰዎች ለፎቁ መሠረት አፈር ሊመረምሩ መጥተው ጓሮውን ሁለት ቦታ ቆፈሩ። ያወጡትን ጭቃ የደፉት ኮሰረቱ ላይ ነው። የተረፈው በቦቲ ተረግጦ ከመሬት ተለስኗል። ዛሬ ጾም ተፈታ፣ እማዬ ቅቤ ልታነጥር አክፋይ ይዛ ወጣች፣ ኮሰረት ልትለቅም። ቆማ ስታይ ቆየችና ባዶ አክፋይዋን ይዛ ተመለሰች። ቅቤው በኮረሪማና በበሶብላ ብቻ ተነጠረ። ለሚያውቀው ሰው ይለያል።

ከጭቃው ሥር ሁለት የተሰበሩ እንጨቶች አግኝቼ ሰካሁ። ተስፋ የላቸውም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ትዝ ያለኝ ሌሊት ነው። ድሮ፣ እኔ ሃይስኩል እያለሁ፣ እማዬ ከኮሰረቱ ለእትዬ ሰጥታ ነበር። ስለዚህ የአክስቴ ኮሰረት ከአጥሩ ማዶ አለ ማለት ነው። ከግንጣይ የበቀለ እኮ ያው ራሱ ተክሉ ነው፣ ከዘር እንደበቀለ ልጁ አይባልም። ጠዋት ሮጥኩ።

እትዬ ቡና አፍልተው ነበር። አስቀምጠውኝ፣ ቁርሱን አቅርበውልኝ፣ ጉዳዬን ስነግራቸው ፊታቸው ልክ አልሆነም። ሲኒውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ አልዋሽህም። የናትህ ኮሰረት በዓመቱ ደረቀብኝ። አፈርኩ። ሽሮ ሜዳ ገበያ ሄጄ ገዝቼ እዚያው ቦታ ተከልኩ። አንድ ቀን መጥታ አየችና ‹እንዴት ያምራል፣ የኔ እንኳ እንዲህ አልሆነም› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ሳቃቸውን አቋርጠው «እንዳትነግራት» አሉ።

ከነሥሩ ቆርሰው በፌስታል ሰጡኝ። ቤት ስገባ እማዬ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «ይኸውልህ! የእህቴ ኮሰረት!» አለች። እኔም ይኸውልሽ አልኩ። ደብተሩ ላይ «የሰጠው» በሚለው አክስቴን አልሰረዝኩም፣ ከአጠገቧ እትዬን ጨመርኩ። እማዬ ኢንተርኔት አታይም። ጅዳ ያለሽው ግን፣ ይሄን ካነበብሽ አፍሽን ያዢ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ዳማስ ተኮናተርኩ። ሹፌሩ ሶፋ ወይም ፍሪጅ መስሎት መጥቶ 14 ጣሳና ባልዲ ሲያይ «ይሄ ነው እቃው?» አለ፣ ግን ጥሩ ሰው ነው፣ ቀለበት መንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ነዳ።

አፈርም ይዣለሁ፣ አራት ማዳበሪያ ሙሉ ቀይ አፈር። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ የኛ ብሎክ ሥር ያለው ግን ጥቁር መረሬ ነው። ሲዘንብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ባልዲ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። የእማዬ ጓሮ ተክል እንጦጦ ሥር በቀይ አፈር ነው ያደገው፣ ቢያንስ አፈሩ አይለወጥበት ብዬ ነው።

ደረጃው ገደለኝ። ግማሹ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በእርጥብ አፈር ሲሞላ እንደ ሕፃን ታቅፈህ እንጂ በአንድ እጅ አንጠልጥለህ የምትወጣው አይደለም። አሥር ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ወገቤ ቅንጥስ ብሏል። ሁሉንም በረንዳው ግድግዳ ሥር ደረደርኳቸው፣ ክብደቱ ጠርዙ ላይ እንዳይሆን።

ደስ የሚል ነገርም አለ። ከጽጌረዳ ግንጣዮቹ ያንዱን ጣሳ ሳነሣ ከሥር በበሳሁት ቀዳዳ ነጭ፣ ክር የመሰለች ሥር ብቅ ብላለች። ጫፏ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ተለጥፎባታል። ጣሳውን መልሼ ለማስቀመጥ ሁሉ ፈራሁ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ከታች ያለችው ጎረቤቴ በሬን ደበደበች። ጭቃ ውሃ ከበረንዳዬ ወርዶ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ። እውነቷን ነው፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ለኮሚቴ እነግራለሁ ብላ ሄደች። ያሮጌ ትሪና የባልዲ ክዳን ሁሉ ሰብስቤ ከየጣሳው ሥር አደረግኩ። ውሃ የማጠጣውም አሁን በሲኒ እየለካሁ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ያቺው ጎረቤቴ መጣች። እንደገና ፈሰሰ ብዬ ደነገጥኩ። ባሏን ምች መትቶት ተኝቷል፣ በረንዳህ ላይ ዳማከሴ አይቻለሁ አለች። ከሁለቷ ችግኞች ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋት። አሽታ በቡና ልትሰጠው ነው። ስለ ኮሚቴው ሁለታችንም አላነሣንም።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዛሬ ሽሮ ሜዳ ዕቃ ስናስር እህቴ በኢሞ ደወለች። እሬቷን አሳየኋት፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ከዚያ «የአባዬ ጽጌረዳስ?» አለች። እማዬ አጠገቤ ናት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ድስት በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ጀመረች።

«ያቺ ጽጌረዳ ልክ እንዲህ በጋዜጣ ተጠቅልላ ነው የመጣችው። በአዲስ ዘመን። አንዲት እንጨት ብቻ ናት።»

የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ናቸው የሰጡን ስላልሽኝ ሰውዬው እኮ... ስላት፦

«ሰውዬ አላልኩህም። ጓደኛው ነው ያልኩህ። ሴት ናት። ከእኔ በፊት ሊያገባት የነበረች።»

ዝም አልኩ። እሷ ድስቱን መጠቅለል ቀጠለች። ቤቱን የገቡ ጊዜ፣ በ1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሴትዮዋ ከሌሎቹ ባልደረቦቹ ጋር እንኳን ደስ አላችሁ ልትል መጣች፤ ሌሎቹ ብርጭቆና ቴርሞስ ይዘው መጡ፣ እሷ ግንጣይ ይዛ መጣች። አባዬ ተቀብሎ ተከለው። «ተከለው፣ በቃ። አንድ ቀን ውሃ አጠጥቷት አያውቅም። ያፍር ነበር መሰለኝ። 32 ዓመት ውሃ ያጠጣሁት እኔ፣ የገረዝኩት እኔ፣ እሾህ የወጋኝ እኔ።»

ታዲያ ትቅር ያልሽው ለዚህ ነው? አልኳት።

«ትቅር ብዬ ነበር» አለች። ድስቱን ካርቶን ውስጥ አስገባች። «ትናንት ሳያት ግን አበባ ይዛለች። ንቀላት እንጂ፣ ለግሬደር ልተዋት እንዴ?»

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጽጌረዳዋን ነቀልናት። ማለዳ ካፊያ ነበር፣ መሬቱ ለስልሷል። ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች ሁሉ ቆርጬ ቁመቷን ሁለት ስንዝር አደረግኳት፤ ሥሯ ሲቀንስ ቅጠሉን መመገብ ስለማትችል መራቆት አለባት። ዙሪያዋን በዶማ እየራቅኩ ቆፈርኩ። ከጉልበት በታች ስደርስ ዶማው ቅጭል አለ።

ድንጋይ አልነበረም። በእጄ አፈሩን ስጠርግ የዛገ የቆርቆሮ ቀለበት ነው፣ የትልቅ ጣሳ አፍ። ወገቡ ዝጎ አልቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፣ ቀለበቱ ግን አለ። በውስጡ የጽጌረዳዋ ግንድ እንደ ሴት ወገብ ቀጥኖ ያልፋል፣ ከላይም ከታችም አብጧል። አባዬ በጣሳ አብቅሏት ሥር ስታወጣ ጣሳውን ሳያወልቅ፣ ከነጣሳው ነው የቀበራት!

እማዬን ጠራኋት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። «ሠላሳ ሁለት ዓመት! በጣሳ! እኔ እኮ ይቺ ተክል ለምንድነው የማትረዝመው እያልኩ ፍግ ስጨምርባት!» አለች። እኔም ሳቅኩ፣ ምክንያቱም አባዬ በሕይወቱ ሙሉ አትክልተኛ ነኝ ብሎ ሲመክረን ነው የኖረው። ስንቴ ነው «ችግኝ ስትተክሉ ላስቲኩን ቅደዱ» ያለን!

ቀለበቱን በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁት። ልጥለው ስል «ስጠኝ» ብላ ተቀበለችኝና በመቀነቷ አበሰችው።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

የመጨረሻ ቀን። እንሰቱ ቀረ፣ እስካሁን ስሸሸው የነበረው እሱ ነው። ከጣሪያው በላይ ቆሟል፣ ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ነገር አይደለም። አክስቴን ደወልኩላት። እንሰት እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ አይሰጥም፣ አሚቾውን ቆርጠህ፣ መሐል ያለውን ማደጊያውን አውጥተህ ከቀበርከው ነው ዙሪያውን ችግኝ የሚፈለፍለው አለችኝ። ቆርጠን ስንጥለው እትዬ ሰው ይዘው መጡ፤ አሚቾውን ከአጥሩ ማዶ፣ ከእሳቸው ማድ ቤት ጀርባ ቀበርነው። ከበቀለ አንድ ለአክስቴ ይላካል፣ የሰጠችው ተመለሰላት ማለት ነው።

እማዬ ያልተቀደዱትን ቅጠሎች መርጣ ጠቀለለች። ለእንቁጣጣሽ ድፎ።

ጌሾው አልተነቀለም፣ ሥሩ ከአጥሩ ድንጋይ ጋር ተጠላልፏል። ከሥሩ የበቀሉ ሁለት ችግኞች ወሰድኩ። ጋሼ የሰጡት ባይሆንም ከሥሩ የወጣ ነው። አሪቲው ጠፍቷል፣ መቼ እንደጠፋ አላውቅም። ያው፣ አይገኝም።

መስከረም 4፣ 2018፣ እሑድ

በረንዳው ሞልቷል። ቱሉ ዲምቱ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ስለሆነ ጤና አዳሙ ተስማምቶታል፣ ኮሰረቱ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቅቤ ከሱ ተለቀመ። ድፎውም በእንሰት ቅጠል ተጋገረ፣ ለታችኛዋ ጎረቤት አንድ ቁራሽ ወረደላት። እሬቱ ከጅዳ ጥያቄ ሲበዛበት በየሳምንቱ ፎቶ ይነሣል።

ጽጌረዳዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጨት ሆና ቆየች፣ ገድያት ይሆን ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት እማዬ ጠራችኝ። ከግንዱ ላይ፣ ቀለበቱ አንቆ ከያዛት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት ራስ የሚያህሉ ሦስት ቀያይ እንቡጦች። እማዬ በጣቷ ሳትነካቸው ብቻ አመለከተችኝ። ከደበቅኳቸው ግንጣዮችም ሁለቱ ቅጠል አውጥተዋል። መደበቄን አሁን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፣ ከጌሾው ጀርባ ውሃ ያጠጣቻቸው እሷ ናት።

ባልዲው የት ይቀመጥ ስላት «ከመኝታ ቤቴ መስኮት አርቃት። ማድ ቤት በኩል ትሁን፣ ቡና ሳፈላ እንዳያት።» ደብተሩን አውጥቼ የሷ መስመር ላይ «የሰጠው» የሚለው ጋ ምን ልጻፍ አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ስሟን ጻፈው፣ ሰጥታለች እኮ» አለችና ስሟን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ጌሾዎቹ ጣሳ ጠቧቸዋል። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ባዶ የቀለም ባልዲ አለኝ ብሏል፣ ማታ እወጣለሁ። የባልዲዎቹን ቂጥ በስቼ ነው የማዛውራቸው።